ስለ ሕፃናት አፍንጫ መታፈንና አፍንጫ ስለሚከፍቱ መድኀኒቶች

የክረምቱ ዝናም ሲጀምር፣ ኋላም በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ሲጠነክር፣ ጉንፋን የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ዐዋቂ ሰው አፍንጫው ቢታፈን ይማረራል እንጂ ሥራውን አይተውም፤ ሕፃን ግን ሌሊቱን ሲጨነቅ ያድራል፤ ወላጆቹም ዐይናቸውን ሳይከድኑ ይነጋባቸዋል። ሲነጋ አባት ወደ መድኀኒት ቤት ይሄድና «ለሕፃን አፍንጫ የሚሆን ጠብታ ስጡኝ» ይላል። ወይም ደግሞ ባለፈው ወር እርሱ ራሱ የተጠቀመበትን ጠርሙስ ከመስኮት ላይ አንሥቶ «ለእኔ የረዳኝ ለልጄም ይረዳዋል» በማለት ሁለት ሦስት ጠብታ ያደርግለታል። በዚህ ወር ልንጽፍ የወደድነው ስለዚሁ ጠርሙስ ነው። አፍንጫ ከፋች የሚባሉት መድኀኒቶች ለዐዋቂ ቀላል ነገር ቢመስሉም ለትንሽ ሕፃን ቀላል አለመሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ገና ብዙ አይደለምና።

በመጀመሪያ አፍንጫ ስለ ምን እንደሚታፈን መረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አፍንጫን የሚዘጋው ንፍጥ ብቻ ይመስለዋል። ንፍጡ ድርሻ የለውም አንልም፤ ዋናው ምክንያት ግን እብጠት ነው። የአፍንጫ ውስጡ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ በዚህም ሽፋን ሥር እጅግ ብዙ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተሰራጭተው ይገኛሉ። ሥራቸውም የምንስበው አየር ወደ ሳንባ ከመድረሱ አስቀድሞ ማሞቅ ነው። ቫይረስ የሚባለው የጉንፋን ተሐዋሲ በገባ ጊዜ እነዚህ የደም ሥሮች በደም ይሞላሉ፤ ሽፋኑም ያብጥና የአየሩን መተላለፊያ ያጠበዋል። አንድ ሰው ደጋግሞ ተናፍጦ ምንም ሳይወጣለት አፍንጫው እንደ ታፈነ የሚቀረው ስለዚህ ነው።

የሕፃን አፍንጫ ከመጀመሪያውም ጠባብ ስለ ሆነ እርሱን ለመዝጋት ጥቂት እብጠት ይበቃል። ከዚህም በላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሕፃን የሚተነፍሰው ይበልጡን በአፍንጫው ነው፤ በአፉ መተንፈስን ገና አልለመደም። ጡት በያዘ ጊዜ ደግሞ አፉ ጭራሹን ይያዛል። ስለዚህ አፍንጫው የታፈነ ሕፃን ጥቂት ይጠባና ለመተንፈስ ይለቃል፤ ያለቅሳል፤ እንደ ገና ይይዛል፤ እንደ ገና ይለቃል። እናቲቱም «ጡቴን ጠላው» ትላለች፤ አያቲቱ ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ትላለች። ሕፃኑ የጠላው ጡቱን አይደለም፤ የወረደም እንጥል የለም። እንጥል ቈራጭ ዘንድ ተወስዶ ደም የሚፈስሰው ሕፃን የጎደለው ነገር አንድ ጭላፊ የጨው ውሃ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ስናስብ ነገሩ እጅግ ያሳዝነናል። ስለ ጨው ውሃው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አፍንጫ ከፋች መድኀኒት የሚሠራው እነዚያን ያበጡ የደም ሥሮች አኮማትሮ በማጥበብ ነው። የደም ሥሩ ሲጠብ ሽፋኑ ይሟሽሻል፤ አየሩም መንገድ ያገኛል። የዚህ ዐይነት መድኀኒት ጥንተ ነገሩ ከቻይና ነው። ቻይናውያን ማ ኋንግ የሚሉትን ዕፀ መድኀኒት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለሳልና ለመተንፈስ ችግር ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ናጋዮሺ ናጋይ የተባለው የጃፓን ኬሚስት በ1885 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከዚህ ተክል ኤፌድሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። በ1920ዎቹ ዓመታት በፔኪንግ ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት የደም ሥርን እንደሚያጠብና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ ከመረመሩት ወዲህ ኤፌድሪን በምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች ዘንድ ታወቀ። በኋላም ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ተመሳሳይ ሥራ ያላቸውን ሌሎች መድኀኒቶች አወጡ።

ዛሬ በመድኀኒት ቤት የሚገኙት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በአፍንጫ የሚንጠባጠበው ወይም የሚነፋው ነው፤ ዛይሎሜታዞሊን (ብዙ ሰው ኦትሪቪን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል)፣ ኦክሲሜታዞሊንና ናፋዞሊን ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ወገን በአፍ የሚወሰደው፣ ማለትም በሽሮፕ ወይም በኪኒን መልክ የሚሸጠው ሲሆን በውስጡ የሚገኘው ፕሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒልኤፍሪን ነው። ስሞቹ ለጆሮ እንግዳ መሆናቸውን እናውቃለን። ነገር ግን የንግድ ስሙ ከአገር አገር፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለዋወጣል፤ በጠርሙሱ ላይ በትንሹ ፊደል የሚጻፈው እውነተኛ ስም ግን አይለወጥም። ማንበብ የሚችል ወላጅ ትልቁን ፊደል ትቶ ትንሹን ፊደል ማንበብ ይልመድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በአፍንጫ የገባ ጠብታ በአፍንጫ ውስጥ አይቀርም። ከፊሉ በሽፋኑ በኩል ወደ ደም ይሰርጋል፤ ከፊሉም በጉሮሮ ወርዶ ይዋጣል። 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ የማይታወቅ መጠን 6 ኪሎ በሚመዝን ሕፃን ውስጥ ሲገባ ለክብደቱ ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ዛይሎሜታዞሊንና ወገኖቹ ወደ አንጎል በደረሱ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ በአፍንጫ ውስጥ ከሚሠሩት የተለየ ነው። በዚያ የሚያደርጉት ማደንዘዝ፣ የልብን ምት ማዘግየትና አተነፋፈስን ማድከም ነው። ከመጠን ያለፈ መድኀኒት የወሰደ ሕፃን ፊቱ ይገረጣል፤ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ይዝለፈለፋል፤ ሲቀሰቅሱት በደንብ አይነቃም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው። ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ሕፃን ጠብታው ከገባለት በኋላ ጸጥ ብሎ ሲተኛ ያየች እናት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ መድኀኒቱ ያዘለት» ብላ ታመሰግናለች። እንቅልፉ ግን የዕረፍት እንቅልፍ ላይሆን ይችላል። የተኛው ሕፃን ሲነካ የሚሞቅ፣ ከንፈሩ የቀላ፣ ጡት ሲቀርብለት የሚነቃና የሚስብ ከሆነ እንቅልፉ ጤናማ ነው። እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ቢነቀንቁትም ዐይኑን ገልጦ መልሶ የሚከድን ከሆነ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ጠርሙሱን ይዞ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ጠርሙሱን ይዞ የምንለው ሐኪሙ የመድኀኒቱን ስምና ብርታት ከላዩ አንብቦ ጊዜ ሳያጠፋ እንዲረዳው ነው። ለማስታወክ ብሎ ጣት በጉሮሮ መስደድ ወይም ወተት አስገድዶ ማጠጣት አይገባም፤ የደነዘዘ ሕፃን የጠጣው ወደ ሳንባው ይገባበታል።

ነገሩ በአጋጣሚ የሚሰማ ወሬ እንዳይመስል አንድ መረጃ እንጥቀስ። የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያሉትን የአፍንጫ ጠብታዎችና መቅላትን የሚያጠፉትን የዐይን ጠብታዎች በድንገት ስለ ጠጡ 96 ሕፃናት ሪፖርት እንደ ደረሰው ገልጧል። ዕድሜያቸው ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ነበረ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሆስፒታል መግባት ግድ ሆኖባቸዋል። ማስጠንቀቂያው እንደሚለው ብርቱ ጉዳት ለማድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሊትር ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ አምስት ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ይህ የማንኪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በመስኮት ላይ፣ በእናት ቦርሳ ውስጥ ወይም በትራስ ሥር የሚቀመጠው ትንሽ ጠርሙስ ምን ያህል ሕፃናትን የሚጎዳ ነገር እንደያዘ አንባቢ ራሱ ያስላው። ቦታው ከፍ ያለና የሚቈለፍ ሣጥን ነው።

በአፍ የሚወሰዱት ሽሮፖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ፕሱዶኤፌድሪን በመላ ሰውነት ስለሚሠራ ሕፃኑን ያቁነጠንጠዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ የልቡን ምት ያፈጥነዋል። ለጉንፋን የሚሸጡት ብዙዎቹ ሽሮፖች የአንድ መድኀኒት ብቻ አይደሉም፤ አፍንጫ ከፋቹ፣ እንቅልፍ የሚያመጣው ክሎርፌኒራሚን፣ አንዳንድ ጊዜም ትኩሳት አብራጁ ፓራሲታሞል በአንድ ጠርሙስ ተደባልቀው ይገኛሉ። እናት ይህን ሳታውቅ ለትኩሳቱ ሌላ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ብትጨምርበት አንዱን መድኀኒት ሁለት ጊዜ ሰጠች ማለት ነው። ስለዚህ ነው በውጭ አገር ያሉት የመድኀኒት ተቈጣጣሪዎች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ደንቡን ያጠበቁት። በአሜሪካ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ የጨቅላ ሕፃናት የጉንፋን ሽሮፖችን ከገበያ አነሡ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው «ከአራት ዓመት በታች አይሰጥ» የሚል ጽሑፍ በጠርሙሱ ላይ አኖሩ። የእንግሊዝ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2009 ዓ.ም. ወሰኑን ወደ ስድስት ዓመት ከፍ አደረገው። ብዙ መድኀኒት የሚመጣልን ከሕንድ ነውና የእርሷንም እንጨምር፤ በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ክሎርፌኒራሚንና ፌኒልኤፍሪን የተደባለቁበት መድኀኒት ከአራት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሰጥ አዝዛለች።

ፌኒልኤፍሪንን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሳቅም የሚያስመጣ ነው። በ2023 ዓ.ም. የአሜሪካው መሥሪያ ቤት አማካሪ ሊቃውንት ተሰብስበው ማስረጃውን ሁሉ ከመረመሩ በኋላ ይህ መድኀኒት በአፍ ሲወሰድ የታፈነ አፍንጫን አይከፍትም ሲሉ ወሰኑ፤ መሥሪያ ቤቱም በኅዳር 2024 ዓ.ም. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት አፍንጫ ከፋቾች ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ስንት ሰው በገንዘቡ ሲገዛው ኖሮ! ለዐዋቂው ጥቅም ያላስገኘውን ለሕፃን መስጠት ምን ትርጕም እንዳለው አይታየንም።

ሽሮፕ በተነሣ ጊዜ የጋምቢያን ኀዘን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በ2022 ዓ.ም. በዚያች አገር ለሳልና ለጉንፋን ተብለው ከተሸጡ፣ መርዛማ ኬሚካል ከተገኘባቸው ሽሮፖች ጋር በተያያዘ ከ60 የሚበልጡ ሕፃናት ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆኖ ሞተዋል። ያ የመድኀኒቱ ዐይነት ጥፋት ሳይሆን የአሠራሩ ጥፋት ነው። ቢሆንም ፈቃድ ከሌለው ሱቅ ወይም ከመንገድ ላይ የሚገዛ ሽሮፕ ምን እንደያዘ የሚመሰክር የለም፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስቈጨው ለጉንፋን ሽሮፕ ባልተሰጠ ኖሮ ሕፃኑ በራሱ ጊዜ የሚድን መሆኑ ነው። ትንሽ ልጅ በዓመት ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው እንግዳ ነገር አይደለም፤ አብዛኛውም ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቅቃል። የትኛውም አፍንጫ ከፋች ይህን ቀን አያሳጥርም። ቢበዛ የሚያደርገው ለጥቂት ሰዓት ማስተንፈስ ነው።

ስለዚህ የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ሐኪም መርምሮ ካላዘዘ በቀር በአፍንጫም ሆነ በአፍ የሚሰጥ አፍንጫ ከፋች መድኀኒት አይሰጠው። ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ፣ መታፈኑ እንቅልፍ የሚነሣው ከሆነ፣ ባለሙያ ጠይቆ በአፍንጫ የሚንጠባጠበውን የልጆች ዐይነት መጠቀም ይቻላል። ዛይሎሜታዞሊን የልጆቹ 0.05 በመቶ፣ የዐዋቂዎቹ 0.1 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ በጠርሙሱ ላይ የምትታይ አንዲት ቍጥር ብቻ ስለ ሆነች መብራት አብርቶ ማንበብ ነው። ጠብታው ከመግባቱ በፊት ልጁ ይናፈጥ፤ የጠርሙሱ አፍ አፍንጫውን አይንካ፤ ከተጻፈው መጠንም አንዲት ጠብታ አይጨመር። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ነው። ከወንድም ወደ እኅት የሚዞር ጠርሙስ መድኀኒቱን ብቻ ሳይሆን ጉንፋኑንም ያዞራል።

ለትልልቆቹም ቢሆን ሦስት ቀን በቂ ነው፤ ከአምስት ቀን ግን ፈጽሞ አይለፍ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በመድኀኒት ተጨንቆ የጠበበ የደም ሥር የመድኀኒቱ ኀይል ባለቀ ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ ያብጣል፤ ሰውየውም ጉንፋኑ የተባባሰ መስሎት እንደ ገና ያንጠባጥባል። እንደዚህ እየሆነ በሁለተኛው ሳምንት የሚያፍነው ጉንፋኑ መሆኑ ይቀርና ራሱ መድኀኒቱ ይሆናል። ጠርሙሷን ከኮቱ ኪስ ሳይለያት ዓመት ሁለት ዓመት የሚያንጠባጥብ የከተማ ሰው ጥቂት አይደለም፤ «አፍንጫዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነው» ይላል። መፍትሔው ማቋረጥ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይከብዳሉ፤ ሐኪም ቢያማክር ግን የሚያቀልሉለት ሌሎች መድኀኒቶች አሉ።

እንግዲህ ለትንሹ ሕፃን ምን ይደረግለት? ከሁሉ የሚበልጠውና ከሁሉ የሚረክሰው የጨው ውሃ ነው። ሩብ ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ አፍልቶ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይሟሟበታል። ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቈይ። በቈላ አገር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ነገር ግን እንደ አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለ ሆነ ተሐዋስያንን ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያም ለብ እስኪል ይቀዘቅዝና ይቀመሳል፤ ጨዋማነቱ እንደ ዕንባ ያህል መሆን አለበት፤ ከዕንባ ይልቅ ከጠነከረ የፈላ ውሃ ይጨመርበት። ሕፃኑን በጎኑ ወይም በጀርባው አስተኝቶ በንጹሕ ጠብታ መስጫ በያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ማድረግና አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ንፍጡ በላላ ጊዜ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ በውሃ አርሶ እንደ ኩራዝ ክር ጠምዝዞ ሹል በማድረግ ከአፍንጫው ደጃፍ ማውጣት ይቻላል። በክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሞ ወደ ውስጥ መስደድ ግን ያደማል፤ ያቈስላል። በአፍ እየሳቡ ማውጣትም የእናትየዋን ተሐዋስያን ለሕፃኑ፣ የሕፃኑንም ለእናቲቱ ማቀባበል ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ከመጥባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው እንጂ ከጠባ በኋላ አይደለም፤ ጨጓራው የሞላ ሕፃን አፍንጫው ሲነካ ያስታውከዋል። ጡቱም ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። የተረፈው የጨው ውሃ ከዋለ ካደረ ይደፋ፤ በየቀኑ አዲስ ማፍላት ይሻላል። ከጨው ውሃው ጋር አንድ ሌላ ነገር እንጨምር፦ ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ከምድጃ ጭስ፣ ከከሰል፣ ከትምባሆና ከብዙ ዕጣን የራቀ ይሁን። ያበጠን የአፍንጫ ሽፋን እንደ ጭስ የሚያባብሰው የለም፤ ቡናው ሲፈላ ሕፃኑን ለጎረቤት ልጅ አሳቅፎ ወደ ውጭ ማስወጣት ዕጣኑን ከመተው ይልቅ ይቀልላል የሚል ካለ እንደዚያም ይሁን።

በየቤቱ ስለሚደረጉት ልማዶች ጥቂት እንበል። ሁሉንም በአንድነት መንቀፍ የኛ ፈቃድ አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ ሞቅ ያለ ሻይ ከጥቂት ማር ጋር ጉሮሮውን ያለሰልስለታል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይቅመስ፤ ማር ውስጥ የሚገኝ አንድ ዐይነት ተሐዋሲ በጨቅላ ሕፃን አንጀት አድጎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ቅቤ ወይም ዘይት በአፍንጫ ማንጠባጠብ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ቅባት ወደ ሳንባ ወርዶ ያለ ተሐዋሲ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ እንዲህ ያለውም በቶሎ አይድንም። የዳማከሴ ጭማቂም በትንሽ ሕፃን አፍንጫ ውስጥ አይግባ። ቪክስንና የመሳሰለውን ካምፎርና ሜንቶል ያለበትን ቅባት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን መቀባት አይገባም፤ ለማንም ቢሆን በአፍንጫ ውስጥ አይደረግም። ካምፎር ከተዋጠ ያንቀጠቅጣል፤ ሜንቶልም በጨቅላ ሕፃን አፍንጫ ሲገባ ትንፋሹን ቀጥ ሊያደርግበት ይችላል። በባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠንን የሚወድ ዐዋቂ ይታጠን፤ ሕፃንን ግን በነጠላ ሸፍኖ በፈላ ድስት ላይ መያዝ ድስቱ በተገለበጠ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ በቃጠሎ ክፍል ያየ ሰው አይረሳውም።

አሁን ከአፍንጫ ወደ ሳንባ እንውረድ፤ ወላጅ ጠብታ ሲያንጠባጥብ ከሚያልፉት ነገሮች ሁሉ የሚከፋው የሳንባ ምች ነውና። ጉንፋን የያዘው ሕፃን ሁሉ ሳንባው አይታመምም፤ ነገር ግን አፍንጫው ብቻ የታፈነና ሳንባው የታመመ ሕፃን በሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ። ሁለቱን የሚለየው መሣሪያ በእጃችን ያለው ሰዓት ነው። ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ከሆዱና ከደረቱ ገልጦ ሙሉ አንድ ደቂቃ አተነፋፈሱን መቍጠር ነው። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ፈጣን ይባላል፤ በዚያኑ ቀን ለጤና ባለሙያ መታየት አለበት። ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ በሁለት ማባዛት አይበቃም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያልና።

ከቍጥሩም ሌላ ዐይን የሚያየው ምልክት አለ። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ከጎድኑ በታች ያለው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቈረ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ትኩሳት ብቻ ቢኖረው ወይም ሰውነቱ ቢቀዘቅዝ ይበቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ አፍንጫ ከፋች ማንጠባጠብ ጊዜ መግደል ነው። የሳንባ ምች በጊዜው ከተያዘ በርካሽ መድኀኒት ይድናል፤ በሁለተኛው ቀን ማታ የሚመጣው ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ኦክስጂን ያሻዋል፤ ኦክስጂን ደግሞ በያለበት አይገኝም።

ለመምህራን የምንለው ጥቂት ቀርቶናል። በትምህርት ቤት መሳቢያ ውስጥ የጋራ የአፍንጫ ጠብታ ማስቀመጥና አፍንጫው ለታፈነ ተማሪ ሁሉ ማደል መልካም አሳብ ቢመስልም አይደረግ። ከመድኀኒቱ ይልቅ የመምህሩ ዐይን ይጠቅማል። በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚፈስስ፣ ሽታውም የሚከብድ ንፍጥ ያለበት ልጅ ጉንፋን ያለበት ላይሆን ይችላል፤ ጉንፋን ሁለቱንም ይይዛልና። እንዲህ ያለው ልጅ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ የወረቀት ቍራጭ ወይም የእርሳስ ላጲስ አፍንጫው ውስጥ ጨምሮ ለማንም ሳይናገር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በመቈንጠጫ ለማውጣት መታገል ወደ ውስጥ ስለሚገፋው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይሻላል። ከሁሉ ይልቅ በፍጥነት መላክ የሚያስፈልገው የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ የጨመረውን ነው፤ ባትሪ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የአፍንጫውን ግድግዳ ያቃጥላል።

ሁልጊዜ አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ፣ ንግግሩ በአፍንጫው የታፈነ የሚመስል፣ እናቱ ስትጠየቅ «ሌሊት እንደ ትልቅ ሰው ያንኰራፋል» የምትለው ልጅም አለ። ይህ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ባሉት ልጆች ብዙ ጊዜ የሚታይ ሲሆን ከአፍንጫ በስተ ኋላ ያለው ዕጢ አብጦ መንገዱን ስለ ዘጋው ነው። ሌሊት በደንብ ያልተኛ ልጅ ቀን ይፈዝዛል፤ ጆሮውም ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀምና በደንብ አይሰማም። መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ያስቀመጠው ልጅ ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ልጅ ጠብታ አይረዳውም። ወደ ፊት አምጥቶ ማስቀመጥና ወላጆቹን ጠርቶ የጆሮና የአፍንጫ ሐኪም እንዲያየው መንገር ነው።